አሥራ ሁለት ጠርሙስ

“የአሥራ ሁለቱም ጠርሙስ ውሃ ንጹሕ ነው” አለ የውሃ መሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ ወረቀቱን እያጠፈ። “ስለዚህ ቧንቧ ከሚቀየርላቸው ሰፈሮች ዝርዝር ወጥታችኋል።”

ልብስ አጣቢዋ ይህን የሰማችው ከጤና ጣቢያ ሮጣ መጥታ ሰፈርተኛው የተሰበሰበበት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በር ላይ እንደቆመች ነው። የሁለት ዓመት ልጇ ጤና ጣቢያው ውስጥ ጉሉኮስ ተሰክቶለት ተኝቷል፤ ተቅማጥ ሲጥለው በሁለት ወር ውስጥ ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ሐኪሙ ጠዋት “ውሃችሁ ነው፤ አራተኛውን አይችለውም” ብሏታል። የአዋቂዎቹን አቤቱታ ሰሚ ሲጠፋ፣ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ከመምህራቸው ጋር ቤት ለቤት ዞረው የቧንቧ ውሃ በጠርሙስ ሰብስበው ለምርመራ ልከው ነበር። ተስፋዋ ሁሉ እነሱ ላይ ነበር።

“ልጆቹ ከሌላ ቦታ ቀድተው ይሆናላ። የልጅ ነገር!” አለ መሐንዲሱ።

የልጆቹ አለቃ የእሷው ትልቋ ልጅ ናት። “ጋሼ፣ እናቴ ትሙት ከየቤቱ ነው የተቀበልነው!” አለችና እንባዋ ቀደማት።

እናትየዋ ወደ ውስጥ ገባች። ያን ቀን ልጇ ባዶውን ጠርሙስ ስትሰጣት፣ ድፍርስ ውሃ ለመሥሪያ ቤት ሰው መላክ ነውር ሆኖባት፣ አፍልታና በንጹሕ ጨርቅ አጥልላ ነው የሞላችው። ለሰው የሚሰጥ ነገር እንዲያው እንደወረደ ይሰጣል እንዴ? አዳራሹን ቃኘች። ሴቶቹ ሁሉ አቀርቅረዋል።

“ልጆቹ አልዋሹም!” አለች። “እኔ ነኝ ያፈላሁት። አፍሬ ነው፣ ጌታዬ! ልጄን በገዛ እጄ ልገድለው ነው!”

“እሺ፣ ያንቺ አንድ ቤት ነው። አሥራ አንዱስ?”

ከሴቶቹ መካከል ዳቦ ጋጋሪዋን ሳል ያዛት። በጽዳት አባዜዋ “እሜቴ ጽዱ” የሚሏት አሮጊት ግን አላስቻላትም፤ “ምን ታዩኛላችሁ? የእኔ ቤት ውሃ ድሮም ንጹሕ ነው!” አለች። ሌላ ቀን ቢሆን ሰፈሩ በሳቅ ይፈርስ ነበር።

መሐንዲሱ ያቀረቀሩትን ሴቶች ቃኝቶ ሰዓቱን አየ። “ዝርዝሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከዚያ በፊት አሥራ ሁለቱንም እንደገና ካመጣችሁ እቀበላለሁ። ካልሆነ ለከርሞ።”

ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሕፃኑ ነቅቶ “እማ” እያለ ይሆናል። እግሯ ወደ ጤና ጣቢያው ሊወስዳት ቃጣ።

“እማ፣ አንቺ ወንድሜ ጋ ሂጂ። እኛ እንቀዳለን” አለች ልጅቷ አፍንጫዋን በክንዷ እየጠረገች።

“መቅዳቱንማ ትቀዳላችሁ፤ ማን ያስቀዳችኋል?” አለችና ሕፃኑ አጠገብ ላለችው እህቷ ደወለች። “እቱ፣ አደራሽን፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ልጄን ጠብቂልኝ። እንዳይሞትብኝ።”

ስልኩን ዘግታ ከመምህሩ የተቀበለቻቸውን ባዶ ጠርሙሶች ለልጆቹ አከፋፈለች።

“ማንም እናት ብትለምናችሁ ጠርሙሱን ከእጃችሁ እንዳትለቁ” አለች። “እኔ ፊት ፊት እየገባሁ ምድጃ አጠፋለሁ።”