የኤርጫፎ ጥሪና የዘካሪያስ ኩላሊት

ኑ ልጆቼ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር አረፍ በሉ፤ የወንድሜን የዘካሪያስን ነገር ላውጋችሁ።

ዘካሪያስ ሸማኔ ነው። ገደል አናት ላይ ባለችው በኦቾሎ መንደር ተወልደን አርባ ምንጭ ወርደን አብረን አረጀን። ስኳር ከያዘው ቆይቷል። ባለፈው ክረምት ሽንቱ አረፋ ማብዛት ጀመረና ጤና ጣቢያ ኪኒን ሰጡት። ቆየት ብሎ እግሩ ሲያብጥ እኔም ተከትዬው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ኪኒኑን እየዋጡ ነው?» አለችው ሲስተር ዕድላዊት።

«ለጎረቤቴ ለነህምያ ሰጠሁት» አላት ኮራ ብሎ። «የግፊት መድኃኒት ነው አሉኝ። ግፊት ያለበት እሱ ነው፤ እኔ ስኳር ነኝ።»

«ውይ ጋሼ! መድኃኒት ሙዝ ነው እንዴ ለጎረቤት የሚታደለው? ነህምያም መጥተው ይመርመሩ!»

ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «የኩላሊት ህዋሳት እንደ ጆሮ ያለ ተቀባይ አላቸው። በደም ውስጥ ‹ጠበቅ በሉ!› የሚል መልእክት ሲመጣ ሰምተው ይታዘዛሉ። ስኳር ሲበዛ ግን ጥሪው አያባራም። ሲታዘዙ ሲታዘዙ የኩላሊቱ ወንፊት ይሳሳል፤ ፕሮቲን ያፈሳል፤ አረፋው እሱ ነው። ግፊት ባይኖርብዎትም ኪኒኑ ያንን ተቀባይ ይደፍናል። ወንፊቱ ካለቀ ግን ደምዎን በማሽን ማጠብ ይመጣል።»

ማሽን ስትል እኔ ደነገጥኩ። ዘካሪያስ ግን ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ይስቃል። «ኩላሊት ጆሮ አለው ትላለች ይህች ልጅ! ያላመመኝን ግፊት ምን ብዬ እውጥለታለሁ?»

«ኤርጫፎን ረሳኸው?» አልኩት።

ቀጥ ብሎ ቆመ።

ኤርጫፎ የመንደራችን ጠሪ ነበር። ለቅሶ ሲሆን፣ አጥር ሲፈርስ፣ ከገደሉ አናት ላይ ይጣራል። ያ ድምፁ! ጉም ሰንጥቆ ሲመጣ ሸማኔው ሁሉ መወርወሪያውን ጥሎ ከሽመና ጉድጓዱ ይወጣል። ሲያረጅ አእምሮው ደከመና ያለ ምክንያት ከንጋት እስከ ማታ «ኑ!» ማለት ያዘ። ሰው ይሮጣል፤ ምንም የለም። እንደገና ይጣራል፤ እንደገና ይሮጣል። ድሩ ተበጠሰ፣ ማሳውን አረም ዋጠው፣ ሰው ከሳ።

«የሽማግሌ አፍ አይዘጋም፣ ነውር ነው» አሉ አባታችን። «የራሳችንን ጆሮ እንዝጋ።» ጥጡን ከምፈትለው ላይ ቆርጬ ያደልኩት እኔ ነኝ። በየጆሯቸው ወተፉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ኤርጫፎም እንደተጣራ፣ ጎረቤት እያበላው፣ በክብር ኖሮ ሞተ። ጥጡን ያወጣን ለት ገደሉ ጭር አለብን። ዛሬም ወደዚያ ሽቅብ ሳይ ድምፁ ይናፍቀኛል።

ዘካሪያስ ጆሮውን ዳበሰ። «የእኔን ጆሮ አንቺ ነበርሽ የወተፍሽልኝ» አለ። «ትንሽ ስለነበርኩ አልያዝ ሲለኝ በምራቅሽ አርሰሽ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ኤርጫፎ እኔ ሆድ ውስጥ ገብቷላ! በይ ተመለሺ፣ ሲስተር ሌላ ጥጥ ትስጠኝ።»

እግሩን እየጎተተ ራሱ ቀድሞኝ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «እህቴ ልክነሽ፣ ጥጤን አመጣሽ?» ይለኛል። የተጎዳው እንዳልነበረ አይሆንም ብላለች ሲስተር፤ አረፋው ግን ቀነሰ፣ የእግሩም እብጠት ጎደለ። ትናንት እንደገና ሽመናው ላይ ተቀምጦ አየሁት።

እናንተም ልጆቼ፣ አንድ ቀን «ይህ ኪኒን የእኔ አይደለም» ለማለት ሲቃጣችሁ፣ እባካችሁ ያንን ድምፀ መልካም ሽማግሌና ያቺን ቁራጭ ጥጥ አስቡልኝ።