ከእትዬ ጎን ያለው ቤት

ሜትር የሚለው ስም የወጣላት ሜትር ስለማትይዝ ነው። በልብስ ፋብሪካው ያሉ ቆራጮች ሁሉ መለኪያቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይውላሉ፤ እሷ ግን ሰውን ከላይ እስከ ታች አንዴ ታየውና ጠመኔዋን ታነሳለች፣ በቃ። አለቃዋ ሊፈትናት ብሎ የአዲሱን ዘበኛ ኮት በዓይን ብቻ አስቆረጣት፤ ዘበኛው ያንኑ ኮት ለብሶ እስከ ዛሬ በር ላይ ቆሟል። ሜትር ይህን ታሪክ ሳታነሳ የዋለችበት ቀን ጥቂት ነው። ጉራዋ ትንሽ ይበዛል፤ ሥራዋን ያየ ሰው ግን ይቅር ይላታል።

ሥራዋ ከተማ ነው፤ ቤቷ ግን ከከተማው በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ዳር ላይ ነው። ባሏም እዚያው ከተማ ማተሚያ ቤት ይሠራል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አብረው ይሳፈራሉ፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አብረው ይወርዳሉ። ከተጋቡ ጀምሮ ተለያይተው የተሳፈሩበት ቀን የለም፤ ሹፌሩ ሲያያቸው "መንትዮቹ መጡ" ይላል። ስምንት ዓመት የሞላት አንድ ልጃቸው ሚጡ፣ ሲወጡ ተኝታ ነው፤ ሲመለሱም ተኝታ ነው። በመሀል ያለው ቀን በሙሉ የእትዬ ነው።

እትዬ የባሏ ታላቅ እህት ናት። ልጅ አልወለደችም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰውን ከሰው በስልክ ስታገናኝ ኖራ ጡረታ ወጥታለች፤ ድምጿ ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው። ጠዋት መጥታ ሚጡን ቀስቅሳ፣ አልብሳ ትምህርት ቤት ታደርሳታለች፤ ከትምህርት ቤት ወደ ራሷ ቤት ትወስዳታለች፤ ማታ ሜትር ከአውቶቡስ ወርዳ ከእትዬ ሶፋ ላይ ታነሳታለች። ለዚህ ሁሉ እትዬ አንድም ቀን "ደከመኝ" ብላ አታውቅም። ሜትርን የሚያበግናትም ይኸው ነበር፤ ብታማርር ኖሮ ቢያንስ የምትይዝባት ነገር ታገኝ ነበር።

እንዲህ እያሉ ሲኖሩ አከራያቸው ቤቱን ለራሱ ፈለገውና በወር ውስጥ እንዲለቁ ነገራቸው። ሁለት ቤት ተገኘ። አንዱ ከእትዬ ግቢ ጋር አጥር የሚጋራ፣ ሦስት ክፍልና ሰፊ ግቢ ያለው ነው። ሌላው ከተማ መሀል፣ ከዳቦ ቤት በላይ ያለ ሁለት ጠባብ ክፍል ነው፤ ከፋብሪካው በእግር አሥር ደቂቃ። ኪራያቸው ያው ነው።

"ይሄ ምን ምርጫ አለው?" አለ ባሏ። "ሚጡ የራሷ ክፍል ይኖራታል። እትዬም አጥር ብቻ ነው የሚለያት።"

"አውቶቡሱ ወገቤን ጨርሶታል" አለች ሜትር። "አቧራውስ? ደግሞ የከተማው ትምህርት ቤት ይሻላል ይላሉ።"

ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ አንዱም ግን ምክንያቷ አልነበረም። ምክንያቷ ቅናት ነው። እርር ድብን የሚያደርግ፣ ለባል የማይነገር፣ በመስታወት ፊት እንኳ ስሙን የማይጠሩት ቅናት። ልጇን ለዚያች ደግ ሴት በየቀኑ እያስረከበች ባዶ እጇን የምትሳፈር ይመስላት ነበር።

አንድ እሑድ፣ እትዬም ባለችበት ምሳ ላይ ሜትር ሚጡን "ትምህርት እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ሚጡ አፍንጫዋን ይዛ፣ "መስመሩ ተይዟል፤ እባክዎ ጥቂት ቆይተው ይደውሉ" አለች። እትዬና ልጅቷ በሳቅ ፈነዱ። ባሏም ነገሩን ያውቀው ኖሮ ፈገግ አለ። ሜትር አብራ የሳቀች መሰለች እንጂ ነገሩ አልገባትም።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች።

"የእኔና የእትዬ ነው" አለች ሚጡ። "እማዬ፣ አንቺ አታውቂውም።"

ያን ቀን ነው ከተማ መግባት እንዳለባቸው የቆረጠችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚጡን ይዛ የከተማውን ቤት ልታሳያት ሄደች። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ከታች ባለው ምድጃ ይሞቃል። ሜትር "ክረምት ላይ እንዴት እንደሚመች" እያለች ከክፍል ክፍል አዞረቻት፤ ሁለት ክፍል ስለሆነ ዙሩ ቶሎ አለቀ። ሚጡ መስኮቱ ላይ ቆማ መንገዱን አየች።

"እትዬ የት ነው የምትተኛው?"

"እትዬ የራሷ ቤት አላት፣ የኔ ቆንጆ።"

"ታዲያ እኔ ከማን ጋር ልውል ነው?"

"ከእኔ ጋራ! አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከች እላለሁ። ቁጭ ብለን እናወራለን። አይሻልም?"

ሚጡ አፍንጫዋን አልያዘችም፤ ድምጿንም አልቀየረችም። "መስመሩ ተይዟል" አለች፣ ወደ መንገዱ እያየች።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ ነበር። ሜትር ግን እልኸኛ ናት፤ እልኳ ሲነሳ ደግሞ እጇ መቀስ ይፈልጋል። ባሏ እሺ ሳይል፣ የከተማው ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚለብሱትን አረንጓዴ ጨርቅ ገዛች። ላለፉት ሁለት ዓመታት የሚጡን ዩኒፎርም ከሱቅ የምትገዛላት እትዬ ነበረች፤ "አንቺ ጊዜ የለሽም፣ እኔ እጨርሰዋለሁ" እያለች። አሁን ግን ለእትዬ የሚቀር ነገር እንዳይኖር፣ ሜትር ራሷ ልትቆርጠው፣ ራሷ ልትሰፋው ነው። በምሳ ሰዓት ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ጠመኔዋን አነሳች። የባልደረባዋ መለኪያ አጠገቧ ተቀምጧል፤ ዞር ብላም አላየችው። የገዛ ልጇን ልክ ለማወቅ ማየት እንኳ ምን ያደርግላታል? በየማታው ከሶፋው አንስታ ሦስት መንገድ አቋርጣ የምትሸከማት እሷ ናት። ክንዷ ያውቃታል።

እሑድ ጠዋት ዩኒፎርሙን በቦርሳዋ ይዛ እትዬ ቤት ሄደች። ሆን ብላ ነው እዚያ ያደረገችው፤ እትዬ እያየች እንዲለበስ ፈልጋለች። ባሏ ነገሩ ገብቶት አንገቱን ደፍቶ ተከተላት።

ሚጡ ለበሰችው።

እጅጌው ከክርኗ ብዙም አልወረደም። ቀሚሱ ከጉልበቷ በላይ ቀረ። ደረቱ ላይ ያሉት ቁልፎች ከቀዳዳዎቻቸው ሦስት ጣት ያህል ርቀው ቆሙ። ባሏ ጣሪያው ላይ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል ቀና አለ። ሚጡ እናቷን አየቻት፣ ከዚያ ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበችና በቀጭን ድምፅ፣ "ትንፋሼን ብይዘው ይዘጋል" አለች።

የዘበኛውን ኮት በዓይኗ የቆረጠች ሴት የልጇን ቀሚስ ለስድስት ዓመት ልጅ ሰፍታዋለች።

ቀድማ አፏን የከፈተችው እትዬ ናት። "የእኔ ጥፋት ነው" አለች ፈጠን ብላ። "ጨርቁ እንዲለሰልስ ብዬ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬው ነበር። ተሰብስቦ ነው።"

ጨርቁ ከሜትር ቦርሳ ወጥቶ አያውቅም። ይህን እትዬም ታውቃለች፣ ባሏም ያውቃል። ሜትር ከሁሉ ነገር በላይ ያቃጠላት ይህ ውሸት ነው፤ ልጇን የወሰደችባት ሴት ደግሞ ልትሸፍንላት ተነሳች። "እስኪ ልጅቷን ይዘህ ውጣ" አለችው ባሏን። እነሱ ግቢ እስኪደርሱ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

"አትዋሺልኝ" አለች። "ልጄን አላውቃትም። አንቺ ነሽ የምታውቂያት። በይ፣ ተናገሪውና ይውጣልሽ።"

እትዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"የተሳሳትሽው እሷ ስላሳሳተችሽ ነው" አለች። "ተጣጥፋ እኮ ነው የምትጠብቅሽ።"

"ማን?"

"ሚጡ ናታ። ማታ ማታ አትተኛም፤ ተኝታም አታውቅም። አውቶቡሱ መታጠፊያው ጋ ጡሩንባ ሲነፋ የያዘችውን ሁሉ ጥላ እዚህ ሶፋ ላይ ትወጣለች። ጉልበቷን አገጯ ድረስ ትሰበስብና ዓይኗን ትጨፍናለች። 'እትዬ፣ ረዘምኩ እንዴ? እማዬ ካቃትኳት በእግርሽ ሂጂ ትለኛለች' ትላለች። አንድ ዓመት አለፋት እንዲህ ስታደርግ።"

ሜትር ሶፋውን አየችው።

"እኔ ቀኑን ሙሉ ሳጫውታት፣ ሳስጠናት፣ ፀጉሯን ስሠራት እውላለሁ" አለች እትዬ። "ያ ጡሩንባ ሲሰማ ግን እኔ የለሁም። ፊቷ ይቀየራል። አንቺ በሩን ስታንኳኪ ምን እንደማስብ ታውቂያለሽ? ባልከፍትላትስ እላለሁ። አንድ ቀን ባልከፍትላትስ። እቀናብሻለሁ፣ እወቂው።"

እውነቱን ለመናገር ሜትርን መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። እስከ ጣቷ ጫፍ የደረሰ፣ የሚያሳፍር ደስታ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ወጋት፤ ይህን ምስጢር እትዬ አንድ ዓመት ሙሉ ይዛዋለች። በዚያም ቀናችባት።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እሷ አስምላኛለች።" እትዬ ሶፋው ላይ ያለውን ትራስ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። "ደግሞ ብነግርሽ ደስ ይልሽ ነበር። ደስ እንዲልሽ አልፈለግኩም።"

ከውጭ ሚጡ አባቷን ስታባርረው ይሰማል። ሜትር እትዬን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ይሄን ቅናት ታውቀዋለች፤ ሲያርፍ የት ቦታ ላይ እንደሚያርፍ፣ ሌሊት በየት ጎን እንደማያስተኛ አንድ በአንድ ታውቀዋለች። በሌላ ሰው ፊት ላይ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

ሰኞ ማታ አውቶቡስ ላይ ለባሏ፣ "ከእህትህ ጎን ያለውን ቤት እንያዝ" አለችው።

ባሏ ዞር ብሎ አያት። "ከተማውን አልነበር እንዴ የምትፈልጊው?"

"ከተማውን ማን ፈለገው። ግን ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ እኔ ገና ሳይነጋ በሚነሳው በመጀመሪያው አውቶቡስ ነው የምሄደው። ቆራጭ ከሰፊዎቹ ቀድሞ ቢገባ ማንም አይጠላም፤ አለቃዬንም ዛሬ አነጋግሬዋለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ሰፈር እደርሳለሁ።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

"ሌላው ሁሉ ይሁን" አለ ባሏ እየተከዘ፣ "ከጎኔ ማን ሊቀመጥ ነው?" ሜትር ሳቀችበት። መለያየት ይህን ያህል ቀላል ነገር ሆኖ ሳለ ለምን እስከ ዛሬ እንዳላሰቡት ግን ለራሷም ገረማት፤ አብሮ መሳፈር ፍቅር መስሏቸው ልጅቷን በዚያ ሰዓት ሁሉ ለሌላ ሲተዉ ኖረዋል።

ሜትርን ግን ማንም ቅድስት አያድርጋት። በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዳ በጊዜ ስትመለስ ከእትዬ የከሰዓት በኋላ ጊዜ አብዛኛውን እንደምትወስድ አሳምራ ታውቃለች። እንዲያውም ስንት ሰዓት እንደሚቀርላት አስባዋለች። ሙሉ በሙሉ መውሰድ ስትችል የጠዋቱን መተዋ ነው እንጂ ደግነቷ ከዚያ አያልፍም። ያም ቢሆን ለእሷ ቀላል አልነበረም።

ያን ማታ ከአውቶቡስ ሲወርዱ እትዬ በሩን በመጀመሪያው ማንኳኳት ከፈተችላት። ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ሚጡ ሶፋው ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ጉልበቷ አገጯ ጋ ደርሷል፣ የዓይኗ ሽፋን ይርገበገባል። ወለሉ ላይ ክዳኑ ያልተዘጋ እስክሪብቶ ወድቋል። ሜትር ጎንበስ አለችና ልጅቷን አነሳቻት። ዛሬ ከበደቻት፤ ወይም ዛሬ ገና ክብደቷን ልብ አለችው።

መንገዱ ላይ ባሏ ቀደም ብሎ ሄደ። የመጀመሪያውን መንገድ ሲሻገሩ ሜትር አፏን ወደ ልጅቷ ጆሮ አስጠጋች።

"እግርሽን ዘርጊው" አለቻት። "እችልሻለሁ።"

ሚጡ ዓይኗን አልገለጠችም። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ መጀመሪያ አንዱን እግሯን፣ ቀጥሎ ሌላውን ለቀቀችው። ጫማዋ የእናቷን ጉልበት አልፎ ወረደ።

ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ሜትር በቀን ትመጣለች። ሚጡም ነቅታ፣ በእግሯ ቆማ ትጠብቃታለች። የነቃችን የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ ማንም አይሸከምም። ሜትር ክንዷ እየዛለ ባሏ ከፍቶ የያዘው በር ጋ ደረሰች፤ አልገባችም።

"ኧረ በሩን አልፈሽው ሄድሽ" አላት ባሏ።

"አውቃለሁ" አለችው፤ እስከ መንገዱ መጨረሻም ይዛት ሄደች።