ጣይባ ደጅ የምታርፈው ፀሐይ

መዲና ልጇን ከሪማን ያሳደገቻት ከሰው ዓይን ደብቃ ነው። ከእሷ በፊት የወለደቻቸው ሁለት ልጆች ሲሞቱባት፣ የጎረቤቷ የጣይባ ዓይን በላቸው ብላ አመነች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ከሪማን ከተወለደች ጀምሮ ከበር አላስወጣቻትም። ባሏ በሺርም ሚሊሻ ሆኖ ወደ ሰሜን ሲዘምት «ልጄን አደራ» ብሏት ነው የሄደው። ልጅቷ ግን ሁለት ዓመት አልፏት እንኳ አልቆመችም፤ ጭራሽ እግሯ እየጎበጠ ሄደ።

«ውልቃት ነው» አለ የደሴ ሰው፤ መቼም መካሪ አይታጣም። መዲና ልጅቷን በነጠላ ሸፋፍና፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ወጌሻው ሼህ እንድሪስ ዘንድ አደረሰቻት። ሼህ እንድሪስ የወለቀ ትከሻ ባለቤቱ «ወይኔ» ሳይል የሚመልሱ ሰው ናቸው። የልጅቷን ጉልበት ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የወለቀ ነገር የለም፣ ልጄ። አጥንቷ ለጋ ነው፤ ባሸው እሰብረዋለሁ። ሐኪም ቤት ውሰጃት።»

አላውቅም ማለት ሞት በሚመስልበት አገር፣ ይህን ደፍሮ የሚናገር ስንት ወጌሻ አለ?

ደሴ ተመልሳ ዶክተር መኳንንት ዘንድ ገባች። በሽተኛ የማያጣድፉ ሐኪም ነበሩ። ራጅ አስነሥተው፣ ወፈር ወፈር ያለውን የእጇን አንጓና የጎኗን አጥንት እየዳሰሱ ቆዩ።

«ማን አሻት?»

«ወጌሻው አላሽም አሉኝ።»

«እጃቸው ይባረክ! ፀሐይስ ትሞቃለች?»

«ወላሂ አንድ ቀን ፀሐይ ነክቷት አያውቅም!» አለች መዲና ኮራ ብላ።

ዶክተሩ አልሳቁባትም። «አጥንት ያለ ፀሐይ አይጠናም፤ በሽታዋ ይኸው ነው» አሏት። የዓሣ ዘይት ሰጥተው፣ ጠዋት ጠዋት እጅና እግሯን ገልጣ ፀሐይ እንድታሞቃት አዘዟት።

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የመዲና ቤት ከግንብ ጥግ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው፤ ሁለቱ ጎረቤታሞች በሚጋሩት ግቢ የጠዋት ፀሐይ የምታርፈው ጣይባ ደጅ ብቻ ነው። መንገድ ዳር እንዳትወጣ አላፊ አግዳሚው ብዙ ነው። ከሺ ዓይን አንድ ዓይን ይሻላል ብላ፣ ልጇን ጣይባ ደጅ አስቀመጠች።

ጣይባ ጥጥ ትፈትል ነበር። ሲመጡ ስታይ በርጩማዋን አዙራ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። በማግስቱም እንዲያው፤ ከዚያም በኋላ ሁልጊዜ። መዲና ንቀት መስሏት በገነች፤ ቢሆንም የከሪማ እግር እየጠና ስለሄደ መምጣቷን አልተወችም።

አንድ ጠዋት ከሪማ መሬቱን ተደግፋ ተነሣች። ወዲያ ወዲህ እያለች ተራመደችና የጣይባን ቀሚስ ከኋላዋ ጨመደደችው።

«ያረቢ!» አለች መዲና።

ጣይባ እንዝርቷን እንደያዘች ደርቃ ቀረች እንጂ አልዞረችም። «አብሽሪ፣ መዲና» አለች ፊቷን ከግድግዳው ሳታነሣ። «አላየኋትም። አንድ ቀንም አይቻት አላውቅም።»

መዲና ያን ጊዜ ነገሩ ገባት፤ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች።

«ዙሪ!» አለቻት እንባዋ እየወረደ። «ዙሪና እይልኝ፣ ጣይባ! ልጄ ሄደች!»