የስድስት ወር መንታዎች

ስልኩ «ዓይንዎን ጨፍነው ይግለጡ» አለው። አደም ጨፍኖ ገለጠ። «ፊትዎን ወደ ቀኝ ያዙሩ» አለው፤ አዞረ። ወደ ግራ አለው፤ ወደ ግራም አዞረ። ዶሃ፣ አል ዋዓብ ሰፈር ካለው የቪላዎች ግቢ በር አጠገብ፣ በጠባቧ የጥበቃ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እንዲህ ሲያደርግ ያየው ሰው ቢኖር ሶላቱን ጨርሶ የሚያሰላምት ይመስለው ነበር። ውጭ ከአስፋልቱ ላይ ወላፈን ይነሳል። ውስጥ ያለው አሮጌ ማቀዝቀዣ ደግሞ ከማቀዝቀዙ ይልቅ ማንጠባጠቡ ይበልጣል።

ማሽኑ ጥቂት አሰበና አረንጓዴ ምልክት አሳየው። ፊቱ በእርግጥ የፓስፖርቱ ባለቤት ፊት ነው። ከሥሩ ግን ወራት ሙሉ ያሳደደችው ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለች፦ «የቤተሰብ ዝምድና አልተረጋገጠም። የትውልድ ቀኖቹ አይጣጣሙም።» አደም አደም መሆኑ ማንንም አላከራከረም። ያከራከረው የነዒማ ወንድም መሆኑ ነበር።

ነዒማ ሐይቅ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እግሮቿ አይታዘዟትም፤ በክራንች ነው የምትሄደው። አደም ባለፈው ዓመት በባትሪ የሚሄድ ተሽከርካሪ ወንበር ከዶሃ ገዝቶ ላከላት። ዕቃው ለአካል ጉዳተኛ ከሆነና ላኪው የቅርብ ዘመድ ከሆነ የተከፈለው ቀረጥ ይመለሳል ስለተባሉ ተበድረው ከፍለው አስወጡት። ወንበሩም ዓመቱን ሙሉ ትምህርት ቤቱ ያለበትን ዳገት በየጠዋቱ ሲያወጣት ከረመ። ክረምቱ ሲገባ ግን ባትሪው ሞተ። አዲስ ባትሪ የሚገዛው በዚያ በሚመለሰው ቀረጥ ነው፤ ሌላ ገንዘብ የለም፣ የሚያበድርም ሰው አልቋል። ርእሰ መምህሩ ክፉ አይደለም፤ ሆኖም መስከረም ላይ በሰዓቷ መድረስ ካልቻለች ክፍሏን ለሌላ መምህር ሰጥቶ እሷን ዕቃ ግምጃ ቤት እንደሚያስቀምጣት በትሕትና ነግሯታል። ነዒማ ይህን በስልክ ስታወራው አላለቀሰችም። «እንግዲህ ጠመኔ ልቆጥር ነው» ብቻ አለችው። ብታለቅስ ይሻለው ነበር።

ገንዘቡን ይዛ የቆመችው ጳጉሜ ናት።

አደምና ነዒማ መንታ ናቸው። የተወለዱት በ1980 ዓ.ም. ጳጉሜ 3 ቀን፣ የክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ሊታጠቡ ደጅ ወጥተው ሲጯጯሁ ነው። አዋላጇም ከዚያው ዝናብ ተጠርታ፣ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ ገብታ ተቀበለቻቸው። ቀበሌው ይህን መዝግቧል። አደም ወደ ዓረብ አገር ሊነሳ ሲል ግን ደሴ ላይ የፓስፖርት ቅጽ የሞላለት ደላላ በቀበሌው ወረቀት ላይ 3/13/1980 የሚል አገኘ። ዓመተ ምሕረቱን ወደ ፈረንጅ ለወጠ፤ ቀኑን ለማስላት ግን ሰነፈ። ኮምፒዩተሩ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አላውቅም ሲለው ቁጥሮቹን ገለበጠና ማርች 13 አደረገው። «ያው ነው፤ ሁለቱም ቁጥሮች አሉ» አለው። አደም በዚያ ሰዓት የቸገረው ፓስፖርት እንጂ ልደት አልነበረም፤ ፈረመ። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አለኝ እያለ ለቱሪስት የሚፎክር አገር ልጅ አሥራ ሦስተኛዋን ወር በአንድ ፊርማ ጣላት። ደግሞስ ጳጉሜን ማን ከቁም ነገር ይቆጥራታል፤ ደሞዝ የማይከፈልባት፣ የቤት ኪራይ እንኳ የማይጠየቅባት ወር ናት።

ነዒማ ግን ከልደቷ ንቅንቅ አላለችም። መታወቂያዋም፣ ዲፕሎማዋም፣ የቅጥር ደብዳቤዋም ጳጉሜ 3 ይላሉ። እናም የቀረጥ ተመላሹ ፋይል ሲከፈት ኮምፒዩተሩ ከአንዲት እናት፣ ስድስት ወር እንኳ በማይሞላ ልዩነት የተወለዱ ሁለት ልጆች አገኘ። እንዲህ ያለች እናት ስለማያውቅ ዘመዳሞች አይደሉም ብሎ ደመደመ። በእሱም አይፈረድም።

ከዚያ ወዲህ አደም ማመልከቻ ሲልክ፣ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ሲቀበል፣ እንደገና ሲልክ ክረምቱ ሊያልቅ ተቃረበ። ተስፋ መቁረጥ አያውቅበትም። ኩባንያው እንኳ የማይደፍረውን የግቢውን ሊፍት ጠጋኝ በስልክ ብዛት አሰልችቶ ያመጣ ሰው ነው። የጉምሩክ መሥሪያ ቤቱም በመጨረሻ በቪዲዮ ሊያነጋግረው ፈቀደ፤ ቀጠሮው ዛሬ ነው። ዛሬ ካልተረጋገጠ ፋይሉ ይዘጋል።

ጠዋት፣ ኡም ጉዋይሊና ባለችው የጋራ ክፍላቸው ውስጥ፣ ዘርሁን ከአልጋው ሳይወርድ ምክሩን ደግሞለት ነበር። ዘርሁን ሹፌር ነው፤ ሆኖም የክፍሉን ሰው ሁሉ ጉዳይ፣ ከመኖሪያ ፈቃዱ ከኢቃማ እስከ አውሮፕላን ትኬት፣ ተጋድሞ በስልኩ የሚጨርሰው እሱ ነው። ክፋት የለበትም፤ ዓለም ሁሉ በማኅተም ይስተካከላል ብሎ ያምናል፣ ያ ብቻ ነው ችግሩ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሐይቅ የሚያውቀው ሰው አለ፤ ያ ሰው የነዒማን ልደት በሁለት ዓመት የሚያሳንስ ደብዳቤ ያወጣል። መንታነቱ ይቀራል፣ ነዒማ ታናሽ እህት ትሆናለች፣ ፋይሉ ያልፋል፣ ማንም አይጎዳም።

«የራስህን ፓስፖርት ተሳስቷል ካልክ ግን ሹግልህን፣ ሥራህን፣ በገዛ እጅህ ዘጋህ ማለት ነው» አለው። «ኢቃማህ በዲሴምበር ያልቃል። ፓስፖርቱ እርማት ላይ ከሆነ ማን ያድስልሃል? ኩባንያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል? አንድ ማኅተም ነው፤ ለምን ታከርረዋለህ?»

አደም ጫማውን እያሰረ በሁለት ዓመት የምታንሰውን ነዒማ ለማሰብ ሞከረ፤ አልመጣችለትም። እንዲህ ያለች ሰው አያውቅም። አንደኛ ክፍል የገባ ቀን በጀርባው አዝሏት ነው ዳገቱን የወጣው። መምህሩ ታናሽህን ወደ ቤት መልሳት ሲለው እኩያዬ ናት ብሎ አጠገቡ አስቀመጣት። እኩያው ባትሆን ኖሮ ከዚያ ወንበር ላይ ትነሳ ነበር፤ ዛሬም መምህርት አትባልም ነበር። ዘርሁን ይህን አያውቅም፤ ቢነግረውም የሚገባው አልመሰለውም። «ኢንሻአላህ እናያለን» ብሎት ወደ አውቶቡሱ ወጣ።

ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ቆሞ የሰው መታወቂያ ሲያይ ዋለ። ሥራው ይኸው ነው። ዕቃ የሚያደርሰው፣ ገንዳ የሚያጸዳው፣ ወደ ማዳሞቹ ቤት አዲስ የምትገባው ሠራተኛ፣ ሁሉም ካርዳቸውን ያሳዩታል፤ እሱም ፎቶውን ያያል፣ ሰውየውን ያያል፣ ያሳልፋል። አንዳንዴ ፎቶውና ሰውየው አይገናኙም፤ ሰው ይከሳል፣ ይሸብታል። ያኔ አደም ዓይናቸውን ያያል እንጂ ካርዱን ደግሞ አያይም። ዛሬ እሱን የሚያየው ሰው ምን እንደሚያይ ማሰብ አልወደደም።

ከምሳ በኋላ ኔፓላዊው ባልደረባው በሩን ተረከበው። አደም ወደ ክፍሏ ገብቶ የፊት ማረጋገጫውን ጨረሰ፤ ቀይዋንም ጽሑፍ እንደ ልማዱ አነበበ። ከዚያ ስልኩን ከውኃ ጠርሙስ ጋር አስደግፎ ጠበቀ። መስመሩ ሲከፈት አንዲት ጎልማሳ ሴት ታየችው። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች፤ ከኋላዋ ፋይል የታጨቀበት የብረት መደርደሪያ ይታያል። ድምጿ ከጠዋት ጀምሮ ሲናገር የዋለ ሰው ድምፅ ነው። ስሙን፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የእናቱን ስም ጠየቀችው። ፓስፖርቱን ከጉንጩ አጠገብ እንዲይዝ አዘዘችው፤ ያዘ። ከዚያ የትውልድ ቀኑን ጠየቀችው።

አደም ከመመለሱ በፊት እህቱ መስመሩ ላይ እንድትገባ ለመነ። ሠራተኛዋ እንዲህ ያለ አሠራር የለም አለችው። አደም ድምፁን ሳያነሳ፣ የሚከለክል መመሪያ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሴትየዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ወረቀቷን አገላበጠች። የሚፈቅድም የሚከለክልም አጣች። «ያስገቧት» አለች፤ ተናደደች ወይስ ደስ አላት አልለየም።

ነዒማ ገባች። ሻሿን አስተካክላ፣ ለፈተና እንደምትገባ ተማሪ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ሁለቱ ፊቶች በአንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ሆኑ፤ ሰፊው ግንባር፣ መሐል ላይ የተገናኙት ቅንድቦች፣ ሲጨነቁ ወደ አንድ በኩል የምትሳበው ከንፈር። ሠራተኛዋ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያለች ረጅም ጊዜ አየቻቸው። የአክስት ልጆችም ይመሳሰላሉ ስትል ለራሷ የምታወራ ትመስል ነበር። ከዚያ ወደ ካሜራው ተጠጋች።

«አንድ መንገድ አለ፣ አቶ አደም። የፓስፖርትዎ ቀን ስሕተት መሆኑን አሁን በድምፅዎ ያረጋግጣሉ፤ እኔም እመዘግባለሁ። ግን ከመዘገብኩ በኋላ ፓስፖርቱ እስኪታረም ድረስ አይታደስም፣ ምንም አይሠራበትም። እርማቱ መቼ እንደሚያልቅ ልነግርዎ አልችልም። ያሉበት አገር ምን እንደሚል ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።»

አደም ፈራ። ዲሴምበር እንደሚመጣ ያውቃል፤ የኩባንያው አለቃ፣ የሙዲሩ፣ ትዕግሥት ምን ያህል እንደሆነም ያውቃል። በአንዲት ቃል ስንት ዓመት የለፋበትን ቦታ ሊያጣ እንደሚችል ዘርሁን መንገር አላስፈለገውም ነበር። ፓስፖርቱን ከነእጁ ከጠረጴዛው ሥር ሸሸገው።

«ተወው፣ አደም» አለች ነዒማ። «ጠመኔ መቁጠርም ሥራ ነው። አንተ ከዚያ ከተባረርክ እኮ ሁለታችንም ቤት ቁጭ ማለታችን ነው።»

አያት። በሕይወቱ ሙሉ ተወው ብላው የተወው ነገር የለም። ነገ ጠዋት ኤምባሲ እንደሚሄድ፣ ከዚያ በፊትም ሙዲሩ ከሌላ ሰው ከሚሰማ ራሱ እንደሚነግረው ወሰነ። ሊቆጣ ይችላል፤ ይቆጣ።

«የተወለድኩት ጳጉሜ ሦስት ቀን ነው» አለ። «ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ። ፓስፖርቱ ተሳስቷል። ይጻፉት።»

ነዒማ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። ሠራተኛዋ ጻፈች። የቁልፎቹ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ጎልቶ ይሰማ ነበር። ስትጨርስ ግን ቀና ብላ፣ ፋይሉ ገና እንዳላለቀ ነገረቻቸው። ከገጹ መጨረሻ ላይ አጣሪው ሰው የራሱን አስተያየት የሚሞላበት ባዶ ቦታ አለ፤ ዝምድናውን አምኗል ወይስ አላመነም የሚል። እሱን ኮምፒዩተር አይሞላውም። እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ አገጯን ደገፈችና፣ ቅጹ ላይ የሌለ ጥያቄ ጠየቀቻቸው።

«ለመሆኑ ታላቁ ማናችሁ ነው?»

«እኔ» አሉ ሁለቱም።

ነዒማ ሻሿን ከፊቷ አነሳች። «ምን?»

«እናታችን ራሷ ናት የነገረችኝ» አለ አደም።

«እናታችን በዚያን ሰዓት ራሷን መች አወቀች? አዋላጇን ጠይቅ። እኔ ታጥቤ ተጠቅልዬ ነው አንተ የመጣኸው።»

«አንቺን ነው የጠቀለለችው? እኔን አስቀምጣ እኮ ነው አንቺን ለመቀበል የተመለሰችው። ሁልጊዜ የምትይው ይሄንኑ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ምስክር አምጥተሽ አታውቂም።»

«ምስክሬ ያው አንተ ነህ። ወላሂ ስትወለድ ሰማያዊ ሆነህ ነበር፤ ያረፈደ ሰው ነው ሰማያዊ የሚሆነው።»

«ማን ነገረሽ ሰማያዊ መሆኔን፣ ተጠቅልለሽ ከነበረ?»

አደም ጠረጴዛው ሥር የሸሸገው እጁ ወጥቶ አየሩን መምታት ጀመረ። ዲሴምበርን ረሳ፤ ሙዲሩንም፣ የሚያነጋግራቸው የመንግሥት ሰው መኖሩንም ረሳ። በመስኮቱ በኩል ኔፓላዊው ጓደኛው አጮልቆ አየው፤ ሰው የሚጣላ መስሎት ልግባ አልግባ እያለ ቆመ። ነዒማም ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ክፍሉ ሲረብሻት እንደምታደርገው ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጋ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ልታስረዳው ጀመረች። በመሐል የቁልፎቹ ድምፅ ሲንኳኳ እንደነበረ ሁለቱም ያስተዋሉት ድምፁ ሲያቆም ነው። ደንግጠው ወደ ስክሪኑ ተመለሱ።

ሠራተኛዋ ባዶውን ቦታ ሞልታ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ መልሳ ሰቅላ ነበር።

«እኔ ጨርሻለሁ» አለች፤ «እናንተ ቀጥሉ።»