የተጋረደው መተላለፊያ

ፋሪዳ የሪድዋንን ሸሚዝ ጨምድዳ ይዛ «ሌባ! ያዙልኝ!» ብላ ጮኸች። ከሚሴ ገበያ ውስጥ፣ ከጨርቅ መደብሯ ጀርባ ካለው ጠባብ መተላለፊያ እየሮጠ ሲወጣ ነበር የያዘችው። ወጣቱ ዕቃ ተሸካሚ አፉን ከመክፈቱ በፊት ሰዉ ተረባረበበት። ፖሊስ ደርሶ ሲያስጥለው ግራ ክንዱ ተሰብሮ ነበር።

ሽንኩርት ነጋዴዋ ዙቤይዳ እያለከለከች ከመተላለፊያው ወጣች። ቦርሳዋን ተነጥቃለች። መሬት ላይ የተዘረረውን ሪድዋንን ስታይ ደረቷን ደቃች። ነጣቂው ሌላ እንደሆነ ተናገረች፤ ሪድዋን ጩኸቷን ሰምቶ ሌባውን እያባረረ ነበር የሮጠው።

ፋሪዳ ወደ መደብሯ ተመልሳ የታጠፈ ሽርጥ ፈትታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። በዚያ ግርግር ማን እንደጮኸ ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ሪድዋን ግን አይቷታል።

በሳምንቱ ሳጅን ሰብሪና ገበያው ላይ ተመድባ መጣች። እስከዚያ ድረስ በገበያው ቦርሳ በተነጠቀ ቁጥር ፖሊስ ሥራ ፈት የመሰሉትን ወጣቶች አፍሶ ይሄድ ነበር፤ እነሱ ታስረውም ንጥቂያው አልቆመም። ሰብሪና ግን ሌባው ማን ነው ብላ አልጀመረችም። የተነጠቁትን ሴቶች ጠርታ ቦታውን በእግራቸው ሄደው እንዲያሳይዋት አደረገች። ሁሉም ሄደው የቆሙት ከፋሪዳ መደብር ጀርባ ነው።

ፋሪዳ ባለፈው ክረምት ሸራዋን ወደ መተላለፊያው ገፍታ ወጥራ ሻሽና ጨርቅ ሰቅላበታለች። ጎረቤቶቿም እሷን አይተው ሸራቸውን ገፉ። ከዚያ ወዲህ ከአስፋልቱ የሚያይ ሰው ውስጡን ማየት አይችልም።

«እትዬ ፋሪዳ፣» አለች ሰብሪና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንዱን ባስር ሌላው ይተካል። የተመቻቸው ቦታው ነው።»

«እኔ ነኝ ያመቻቸሁላቸው ማለትሽ ነው?»

«ሸራው ይነሳ ነው የምልዎት።»

ጎረቤቶቿ በግድ እስኪያስነሱን እንጠብቅ አሉ። ፋሪዳ ግን በዚያው ቀን ፈታችው። ፀሐዩ ጨርቋን ቢያደበዝዝባትም ቻለችው። ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሏት። ሰብሪና ደግሞ ተሸካሚዎቹን አነጋግራ ሥራ የሚጠብቁበትን ቦታ ወደ መተላለፊያው አፍ አዛወረችው፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ከዓይናቸው አይወጣም። ከዚያ በኋላ ቦርሳ የተነጠቀች ሴት ወሬ ብርቅ ሆነ። ቀድማ ያነሳች እሷ ናት እያለ ሰዉ ፋሪዳን አመሰገናት። በተመሰገነች ቁጥር አንገቷን ትደፋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መደብሯን ዘግታ ወደ ሪድዋን ቤት ሄደች። እናቱ አዮ ዙሀራ «አከም ጂርታ» እያሉ በኦሮምኛ ደህንነቷን ጠይቀው አገላብጠው ሳሟትና ውሃ አቀረቡላት። ሪድዋን ጄሶ የታሰረ ክንዱን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ገበያተኛው ሁሉ ሲረሳው አንቺ መጣሽለት፤ አላህ ይውደድሽ፣ ልጄ» አሉ እናቱ። «ያቺን የጮኸችበትን ሴት ግን ለአላህ ሰጥቻታለሁ።»

ሪድዋን ቀና ብሎ ፋሪዳን አያት፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ።

«አዮ፣ አሁን ይህን ተይው» አለ።

ለእናቱ እንዳልነገራቸው፣ አሁንም ሊሸፍንላት እንደሆነ ገባት። ዝም ብትል ተመርቃ ትወጣለች። ውሃውን ሳትቀምስ መሬት አስቀመጠችው።

«አዮ ዙሀራ፣» አለች፣ «የጮህኩት እኔ ነኝ።»