ሆዴን ባር ባር ይለኛል

ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ባለው ዓመት ነው፤ ካርቱም ገና ካርቱም በነበረች ጊዜ። ካላክላ ሰፈር የምትኖር ሜላት የምትባል ልጅ እጇ ላይ አንድ ወረቀት ነበረ። የኮሌጅ ወረቀት ነው። የላቦራቶሪ ትምህርቷን ለመጨረስ የቀራት ሦስት ወር ሥራ ላይ መለማመድ ብቻ ነው፤ እዚያ አገር «ተድሪብ» ይሉታል። የምትለማመድበትን ቤት መርጣ፣ ኃላፊውን አስፈርማ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን፣ ለኮሌጁ ማስረከብ አለባት። ሐሙስ ካለፈ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው።

ምርጫው ግን ያለቀ ነገር ነበር። አባቷ አቶ ወልደሥላሴ ጨርሰውታል።

አቶ ወልደሥላሴ ካርቱም ሃያ ሦስት ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። ሥራቸው «ሙከየፍ» መጠገን ነው፤ ያን በየጣሪያውና በየግድግዳው ተሰቅሎ ቤት የሚያቀዘቅዘውን ማሽን። አርካዊት የሚባል ሰፈር አንድ ትልቅ የግል ላቦራቶሪ አለ። ውጪው ሰው ሲቀቅል ውስጡ ሹራብ ያስለብሳል፤ ያ ቅዝቃዜ ሁሉ የእሳቸው የእጅ ሥራ ነው። አንድ ቀን ከጣሪያው ወርደው፣ ላባቸውን እንኳ ሳይጠርጉ፣ ሥራ አስኪያጁን ለመኑት። እሱም እሺ አላቸው።

«እኔ በጓሮ በር፣ መፍቻ ይዤ ነው የምገባው» አሏት ለልጃቸው። «አንቺ ግን በፊት ለፊት በር፣ ነጭ ጋውን ለብሰሽ ትገቢያለሽ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?»

ሜላትም ፈልጋዋለች፤ ሐሰት አይነገርም። እዚያ ቤት ያለው ማሽን ከአንድ ጠብታ ደም ሠላሳ መልስ ያወጣል ሲሉ ሰምታለች። ግን ቦታው የሚለቀቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሆነ፣ እስከዚያ ቤት ከመዋል ብላ ሰፈሯ ካለችው ትንሽ ክሊኒክ ገባች።

ክሊኒክ ስላችሁ ብዙ አታስቡ። ሦስት ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንዲት ሐኪም። ሐኪሟ ዶክቶራ ረሺዳ ትባላለች፤ ሱዳናዊት ናት። ወለል የሚወለውሉትም፣ ካርድ የሚያወጡትም፣ ወረፋ የሚያስጠብቁትም እትዬ በቀለች ናቸው። ላቦራቶሪው መስኮት ሥር ያለ ጠረጴዛ ነው። ማይክሮስኮፑ ያረጀ ነው፤ መብራት ሲጠፋ፣ የማይጠፋበት ቀን ደግሞ የለም፣ ከሥሩ ያለችውን መስታወት ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው በፀሐይ ያዩበታል። ሜላት መጀመሪያ ሳቀችበት። በሦስተኛው ቀን ግን እጇ ራሱ ፀሐይዋን መፈለግ ለመደ።

ያስመረራት ሌላ ነገር ነው። ካላክላ ሐበሻው ብዙ ነው። መንገድ እስኪገኝ የቀን ሥራ የሚሠሩ፣ ጡብና ሲሚንቶ የሚሸከሙ ልጆች ይመጣሉ፤ ዐረብኛ አያውቁም። ታዲያ ዶክቶራ ረሺዳ ደቂቃ ሳትቆይ «ሜላት፣ ተዓሊ!» ብላ ትጠራታለች። ነይ፣ አስተርጉሚ ማለቷ ነው።

«እኔ ለማይክሮስኮፕ ነው የመጣሁት፤ ለምላስ አይደለም» ትላለች ሜላት በሆዷ።

እውነቱን ብንናገር አማርኛዋ አጭር ነበር። እናቷ በአምስት ዓመቷ አረፉ። አባቷ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ናቸው። ያሳደጓት ጎረቤቷ ናስራ ናቸው፤ ከሱዳን ልጆች ጋር። የቀራት አማርኛ «ብዪ»፣ «ነይ»፣ «በሩን ዝጊ» ነው። ዐረብኛ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ስለሚል «እርስዎ» የሚባል ነገር አፏ ላይ የለም። የመጀመሪያው ቀን «በቀለች፣ ነይ እስቲ!» ብትላቸው እትዬ በቀለች መወልወያቸውን ጣሉ።

«ሽበቴ ቀለም መስሎሻል ልበል?» አሏት።

በመጀመሪያው ሳምንት ጥጋቡ የሚባል ልጅ መጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። እጁን ሲሚንቶ ሰነጣጥቆታል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

«ምን ሆንክ?» አለችው ሜላት።

«ምን እባክሽ እህቴ፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል።»

ሜላት «ሆድ»ን ታውቃለች። «ባር ባር» ግን ምንድን ነው? ድምፅ መሰላት። ውኃ ዕቃ ውስጥ ሲናጥ የሚያሰማው ነገር መሰላት። ዞር ብላ ለዶክቶራ ረሺዳ በዐረብኛ «ሆዱ ውስጥ እንደ ውኃ ይንቦጫቦጭበታል» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ወንድሜ ከሄደ ጀምሮ» አለ ጥጋቡ።

ሜላት አስተረጎመች። ዶክቶራዋ እስክርቢቶዋን አፏ ላይ አድርጋ አሰበች። «ወንድሙ ሊሄድ ሲል አብረው የበሉት ምን ነበር?»

ጥጋቡ ጥያቄው ገረመው፤ ግን የሐኪም ጥያቄ ነው። «ፉል» አለ።

«በቃ ፉሉ ነው» አለች ዶክቶራ ረሺዳ።

ሰገራው ታየ። ሜላት መስታወቷን ወደ ፀሐይ አዙራ ብታይ፣ ብታይ፣ ምንም የለም። «ማፊ ሀጃ» ብላ ጻፈች። ቢሆንም የካላክላ ውኃ የታወቀ ነውና ለአሜባ የሚሰጠው ኪኒን ታዘዘለት። በአምስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ።

«እንዴት ነህ? አልተሻለህም?»

«ኧረ እንዲያውም ሆድ እየባሰኝ ነው።»

ይሄኛውማ ለሜላት ግልጽ ነበር። ሆዱ ብሶበታል! እንደዚያው አለች። እንደገና ሰገራ፣ እንደገና ማፊ ሀጃ፣ እንደገና ኪኒን፤ አሁን ጠንከር ያለ። ያን ቀን «እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰገራ ኮሌጅም አሳይተውኝ አያውቁ!» ብላ ቀልዳለች። ቀልዱን ኋላ አልወደደችውም።

ወረቀቱ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ባለሦስት እግር ረክሻ ቆመና ሁለት ልጆች ጥጋቡን ደግፈው አወረዱት። ቡሪ በሚባል ሰፈር ከሚሠራበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ሲሚንቶ እንደተሸከመ ወድቋል። እግዜር ሲያወጣው ከታች አሸዋ ነበር፤ ክርኑ ብቻ ተላጠ። ለካ ኪኒኑ አጥወልውሎት ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ዶክቶራ ረሺዳ ግሉኮስ ሰቅላለት ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች።

ሜላት አልጋው አጠገብ ቀረች። «ሆድህን አሁንም ያምሃል?»

«ሆዴን መች አመመኝ?» አለ ጥጋቡ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«አንተ አይደለህ ሆዴን ያልከው?»

«ባር ባር ይለኛል አልኩሽ እንጂ ያመኛል አልኩሽ?»

እትዬ በቀለች በር ላይ መወልወያቸውን ይዘው ቀጥ አሉ። «ምን አለሽ? ባር ባር? እና አንቺ ምን ብለሽ ነገርሻት?»

ሜላት ነገረቻቸው። እትዬ በቀለች መጀመሪያ ሊስቁ ነበር፤ ልጁን አዩና ተዉት።

«አይ ልጄ! እሱ እኮ አዝኛለሁ፣ ሰግቻለሁ ነው ያለሽ። የሐበሻ ነገር ሁሉ ያለው ሆዱ ውስጥ ነው። ሲያዝን ሆዱ ይባባል። ሲከፋው ሆድ ይብሰዋል። ምስጢር ሲነግሩት በሆዴ ይላል። የሚወደውንም ‹ሆዴ› ብሎ ይጠራል። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ሲባል አልሰማሽም?»

«ማጭድ ለሆድ ምን ያደርጋል?»

«በይ ተዪው፤ እሱን ነገ እነግርሻለሁ።»

ጥጋቡ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው የተናገረው። ታላቅ ወንድሙ ሻምበል ወደ ሊቢያ በረሃውን ከገባ አራት ወሩ ነው። ስልኩ ዝግ ነው። «ዘጠኝ ሆነን ነው አንድ ክፍል የምናድረው፤ እዚያ ካለቀስኩ መሳቂያ ነኝ። ክሊኒክ አማርኛ የምትሰማ ልጅ አለች ሲሉኝ ነው የመጣሁት። አንቺ ሰገራ አምጣ አልሽኝ። አመጣሁ። ምን ላድርግ?»

ሜላት ወጥታ ከማይክሮስኮፑ ፊት ቆመች። ዶክቶራ ረሺዳ ለአርካዊቱ ቤት የምትጽፍላት የድጋፍ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ሆኖ ተቀምጧል። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ልጁ ነገ ይነሣል፤ እሷ ነገ አርካዊት ናት። እትዬ በቀለችን ቀና ብላ አየቻቸው።

«እኔን አትዪኝ» አሉ እሳቸው። «እኔ ወለል ነው የምወለውለው።»

ገባች። «ዶክቶራ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ ከባር ባር ጀምራ ሁሉንም ዘረገፈችው።

ዶክቶራ ረሺዳ መነጽሯን አወለቀች። «ቃሉን አታውቂውም ነበር?»

«አላውቀውም።»

«ታዲያ ለምን አላውቅም አላልሽኝም?»

«ሐበሻ ነኛ! ሐበሻ ሆኜ አማርኛ አላውቅም ልበል? አፈርኩ።»

ዶክቶራዋ «አንቺ ሁለት ጊዜ ምንም የለም ብለሽ ጽፈሽልኛል» አለች። «እኔም አላነበብኩትም። ጥፋቱን እንካፈላለን።» ተነሥታ ወንበሯን አንሥታ ወደ ጥጋቡ አልጋ ሄደች። «እኛ ሐዘንን ልብ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው። እናንተ ሆድ ውስጥ ነው? ያላ፣ በይ ጠይቂው፤ የወንድሙ ስም ማን ነው?»

ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ሜላት የማታውቀው ቃል ሲመጣ «ቆይ፣ ይሄን አላውቀውም፤ በሌላ ቃል ንገረኝ» ትላለች። መጀመሪያ ከብዷት ነበር፤ በአራተኛው ቀለላት። መድኃኒት አልታዘዘም። ዶክቶራዋ የጠፋ ዘመድ የሚያፈላልጉ ሰዎችን ስልክ ጻፈችለት፤ ኪኒኑን በእጇ ጣለችው። እትዬ በቀለች ከምሳቸው ከፍለው አበሉት። ወንድሙ አልተገኘም፤ ሐዘኑም አልሄደም። ልጁ ግን በላ።

ከሰዓት በኋላ ሜላት ወረቀቷን ዶክቶራ ረሺዳ ፊት አኖረችው።

«አርካዊትስ?»

«እዚያ ያለው ማሽን እኔ ባልኖርም መልሱን ያወጣል።»

«አባትሽ ያውቃሉ?»

«ማታ እነግረዋለሁ።»

«እንግዲህ ሦስት ወር ነው» አለች ዶክቶራ ረሺዳ እየፈረመች። «የማታውቂውን አላውቅም እያልሽ።»

ማታ ለአባቷ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ፉሉንም፣ ሰገራውንም፣ ባር ባሩንም። አቶ ወልደሥላሴ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። ራታቸውን ሳይጨርሱ እጃቸውን ታጠቡና «ሃያ ሦስት ዓመት ጣሪያ ላይ የወጣሁት ለቆርቆሮ ክሊኒክ ነው?» ብለው ተነሡ።

ሐሙስ ጠዋት ሜላት የመጡትን በሽተኞች አስተናግዳ ወደ ኮሌጅ ልትሮጥ ስትል፣ ከወረፋው መሐል አንድ የምታውቀው ሰው አየች። የመሣሪያ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ካርድ አውጥተው ተቀምጠዋል። ተራቸው ደርሶ ገቡ። አቶ ወልደሥላሴ ዐረብኛውን እንደ ካርቱም ልጅ ነው የሚናገሩት፤ ዶክቶራዋ «ምን ሆነሃል?» ስትላቸው ግን በአማርኛ፣ ልጃቸውን ሳያዩ መለሱ።

«ሆዴን ባር ባር ይለኛል።»

ዶክቶራ ረሺዳ ወደ ሜላት ዞረች። ሜላት አባቷን አየቻቸው። በዐረብኛ «ይህ ሰው አባቴ ነው» አለች። «ሆዱ ጤነኛ ነው። ያሳዘነችው ልጁ ናት። ላብ ጠብ አድርጎ ያገኘላትን በር አልገባም ስላለችው ነው። የሰጋውም ለሷ ነው፤ እንደሱ በጓሮ በር ስትገባ እንዳትኖር።»

ክፍሉ ውስጥ ያረጀው ሙከየፍ ብቻ ያቃስታል።

«ትክክል ነው የተረጎመችው?» አለች ዶክቶራዋ።

አቶ ወልደሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዐረብኛ «አንድም ቃል አልሳተችም» አሉ። ወደ ሙከየፉ ቀና አሉ። «ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያቃስተው?»

«ካለፈው ዓመት።»

«አንድ ሰው እንኳ አልሰማውም?» አሉና ቦርሳቸውን ከፈቱ። እኚያ መፍቻ ይዘው በጓሮ በር ሲገቡ የኖሩ ሰው ያን ቀን በፊት ለፊት በር ገብተው፣ በሽተኛ ሆነው፣ ወንበር ላይ ቆሙ።

ሜላት ወረቀቷን አጥፋ በር ላይ ደረሰች። ወንበሩ ሲወዛወዝ አየች።

«አባዬ፣ ይጠንቀቁ። እንዳይወድቁ።»

መፍቻው ቆመ። «ማንን ነው የምታናግሪው?» አሉ አቶ ወልደሥላሴ ወደ ኋላቸው እያዩ፤ ሌላ ሽማግሌ የገባ መስሏቸው።

«እርስዎን።»

እትዬ በቀለች መጥተው ወንበሩን በሁለት እጃቸው ያዙላቸው። «አይወድቁም፤ ይዣቸዋለሁ» አሉ። «አንቺ ሂጂ፤ ሐሙስ እኮ ነው።»