ጊፍቲ ያልተቆጣችበት ከሰዓት

አምቦ ውስጥ ቤቱ ኢንተርኔት ያስገባ ሰው፣ ከኢንተርኔቱ ጋር የጊፍቲንም ቁጣ አብሮ አስገብቷል። ዘመኑ ኢንተርኔት በስልክ ሽቦ የሚመጣበት ነበር። ከኮምፒውተሩ ጎን ሞደም የሚሏት ትንሽ ሣጥን ትቀመጣለች። ስትደውል እንደታነቀች ፍየል ትጮኻለች። ጮኻ ጮኻ ጸጥ ካለች ተገባ ማለት ነው፤ ጮኻ ጮኻ እንደገና ከጀመረች ግን ሰውየው ስልኩን አንስቶ ቴሌ ቢሮ ወደምትሠራው ጊፍቲ ይደውላል። የገባለት አይደውልም፤ መስመሩ ተይዟላ። ስለዚህ ጊፍቲ በደንበኛ መልስ ሰጪነት ወንበር ላይ በቆየችበት ዘመን ሁሉ ደስ ያለው ደንበኛ ድምፅ ሰምታ አታውቅም።

ጥያቄው ደግሞ ያው ነው። ኢንተርኔት ስከፍት ስልኬ ለምን አይጠራም? ሚስቴ በወዲያኛው ክፍል ስልኩን ስታነሳ ለምን ይቋረጥብኛል? አንድ የጊንጪ እህል ነጋዴ የይለፍ ቃሉን በጻፈ ቁጥር ኮከብ ብቻ እየታየው፣ ቃሌን ሌባ ወሰደብኝ ብሎ መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ፣ ፖሊሶቹ ናቸው ወደ ጊፍቲ የላኩት። የጎጆ ከተማው የጤና መኮንን ደግሞ ሞደሙ ብርድ እንዳይመታው ማታ ማታ ጋቢ እንደሚያለብሰው ነገራት፤ ጋቢውን አውልቀው ይሞክሩ ብላ ዘጋችበት። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ የመልስ ወረቀት ከጠረጴዛዋ መስታወት ሥር ተቀምጧል፤ ትሕትና የተሞላ ወረቀት ነው። ጊፍቲ አታየውም። የእሷ መልስ «ያጥፉት፣ ያብሩት፣ ሽቦውን ይዩ፣ ትናንት ነግሬዎታለሁ» ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የተዘጋ ስልክ ድምፅ ብቻ ነው።

አብዝታ የምትቆጣው መምህር ቀንዓን ነበር። መምህር ቀንዓ የከተማውን ግማሽ ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጊፍቲንም አስተምረዋታል። አንድ ቀን ወንጪን ካርታው ላይ እስክታገኝ ድረስ ጥቁር ሰሌዳው ሥር አቁመዋት ነበር፤ ካርታውን የሣለው ሰው ሐይቁን ረስቶት ኖሮ ወንጪ እዚያ ላይ አልነበረችም። አሁን ተራው የእሷ ነው። እሳቸው በየቀኑ ከሰዓት ይደውላሉ፤ እሷ ትቆጣለች፤ እሳቸው «ገለቶሚ» ብለው አመስግነው ይዘጋሉ፤ ሞደማቸው ይገባል። እንዲህ እያሉ ክረምቱ ተጋመሰ።

መምህር ቀንዓ ኢንተርኔት ያስገቡት ለጨዋታ አይደለም። ባለቤታቸው አዴ ፀዳለ ኩላሊታቸውን ታመው አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተዋል። የሚያስታምማቸው ልጃቸው ሚልኬሳ ነው። መጀመሪያ ሚልኬሳ በስልክ ነበር ወሬ የሚነግረው። ነገር ግን አባቱ ሰው በድምፁ የሚያነቡ ሆኑበት። ክፍል ውስጥ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው «የቤት ሥራ ሠርተሃል?» ብለው ጠይቀው፣ «ሠርቻለሁ ቲቸር» ከሚለው ድምፅ ብቻ ያልሠራውን የሚለዩ ሰው ነበሩ። ሚልኬሳ «ደህና ናት» ሲላቸው ዝም ይላሉ፤ እሱም ዝምታው ሲረዝም እውነቱን ይናገራል። በመጨረሻ ስልክ ተወደደ ብሎ ወደ ጽሑፍ ዞረ። ጽሑፍ ድምፅ የለውም። መምህር ቀንዓ ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ግን ብቻውን የሚሮጥ ልጅ ነው፣ ትንሽ መዋሸት ቢያሳርፈው ይረፍ ብለው ተዉት። ከዚያ በኋላ በየከሰዓቱ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ አዴ ፀዳለ በሠሩት ዳንቴል የተሸፈነውን ሞደም ገልጠው «ደህና አደረች» የምትለውን ቃል ያነባሉ።

ያን ቀን ቀድሞ ወደ ጊፍቲ የደወለው ሚልኬሳ ነበር። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ጊፍቲ መጀመሪያ ማን እንደሆነ አልለየችውም። እናቱ እኩለ ቀን ላይ አርፈዋል። አልቅሶ ሳይጨርስ ሆስፒታሉ ደጃፍ ካለው ኢንተርኔት ቤት ገብቶ በእንግሊዝኛ ፊደል ለዘመድ ሁሉ ጻፈ፦ እማዬ አረፈች፤ ማታ ይዘናት እንነሳለን፤ ጊንጪ አክስቴ ዘንድ አድረን ሲነጋ እንገባለን፤ ለአባዬ እንዳትነግሩ። ከዚያ አድራሻ መምረጡ ታከተውና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ላከው። «ለአባዬ እንዳትነግሩ» የሚለውንም ለአባቱ ላከው። አሁን አባቱ ሳያነቡት እንድታስቀርለት ጊፍቲን ይለምናል።

ጊፍቲ ስልኩን ሳትዘጋ ሁለት ሽማግሌዎች ዝናብ እያንጠባጠቡ ገቡ። አንደኛው የእድሩ ዳኛ ኦቦ ኤጄታ፣ ሁለተኛው ከመምህር ቀንዓ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው አቶ ፈዲሉ ናቸው። ሚልኬሳ ለእነሱም ደውሎላቸው ኖሯል። ኦቦ ኤጄታ እርጥብ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ደብዳቤውን ከኢሜይል ሣጥኑ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ጊፍቲ አይቻልም አለች፤ ሣጥኑ የቴሌ አይደለም፣ ቴሌ የያዘው መንገዱን ነው። እንግዲያው መንገዱ ይዘጋ አሉ። የጊፍቲ አለቃ አቶ ዓብዲሳ መንገዱ የሚዘጋው ከአዲስ አበባ መሆኑን፣ ምክንያትም በጽሑፍ መጠየቅ እንዳለበት አስረድተው ሲያበቁ፣ ወደ ክፍላቸው ገብተው ወደ አዲስ አበባ መደወል ጀመሩ። ከአዲስ አበባም ከሥራ መውጫ በፊት ይዘጋል አሏቸው።

አቶ ፈዲሉ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ፣ ለምን አሁን ሄደን አንነግራቸውም አሉ። በሙስሊሞች ደንብ ሬሳ አያድርም፤ መርዶም አያድርም። ኦቦ ኤጄታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሊመሽ ሲል መርዶ አይነገርም። ሰውየው ደም ግፊት አለበት፤ ልጁ አልደረሰ፤ ሌሊቱን ከማን ጋር ሊያድር ነው? ሲነጋጋ ሰው ሰብስበን እንገባለን።»

ሰዓቱ አሥር ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ጋሪ ነጂው ሳይቀር የሰማውን አንድ ሰው ብቻ አልሰማም፤ እሱም አሁን ዳንቴሉን ሊገልጥ ነው። ጊፍቲ ለደንበኞቿ ተቆጥታ ተቆጥታ የነገረቻቸው ነገር ትዝ አላት። ስልኩ ከተያዘ ኢንተርኔት አይገባም። አዲስ አበባ እስኪዘጋው ድረስ ስልኩን መያዝ ነው።

ደወለች። ወዲያው ተነሣ።

«ቲቸር፣ አከም ኦልተኒ፣ እንዴት ዋሉ? ጊፍቲ ነኝ።»

«ጊፍቲ? ደወልኩልሽ እንዴ?»

አልደወሉም፤ እኔ ነኝ የደወልኩት አለች። አገልግሎቱ እንዴት እንደሆነ ደንበኞችን እየጠየቅን ነው አለች። መምህር ቀንዓ ደስ አላቸው። እስከዛሬ ጠያቂ እንጂ ተጠያቂ ሆነው አያውቁም። የሞደሙ መብራት ምን ይመስላል አለቻቸው፤ ዳንቴሉን ገልጠው ቀዩን ከአረንጓዴው ለይተው፣ የቱ ብልጭ እንደሚል፣ የቱ ዝም እንደሚል አንድ በአንድ ነገሯት። ሽቦው ጠበቅ ብሏል ወይ አለች፤ መነጽሬን ላምጣ አሉ፤ እጠብቃለሁ አለች። ጠበቀች። ኦቦ ኤጄታ ከፊቷ ተቀምጠው የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ። መምህር ቀንዓ ተመልሰው ክረምቱን ሙሉ የጠየቁትን ጥያቄ ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው አነሡት። ኮከቦቹን አነሡ። መብረቅ ሲያጓራ ለምን እንደሚቋረጥ ጠየቁ። ጊፍቲ ለመጀመሪያ ጊዜ መስታወቱ ሥር ያለውን ወረቀት እያየች፣ ወረቀቱ እንደሚለው፣ በትሕትና መለሰች። አንዴ እንዲያውም ሳቀች።

ከዚያ የሰውየው ድምፅ ቀስ እያለ መጣ። ጥያቄው ተራርቆ ተራርቆ፣ በመጨረሻ፣

«ጊፍቲ፣ ኢንተርኔት ስከፍት ስልኬ ለምን አይጠራም?» አሉ።

ይህን ጥያቄ እንደምትጠላው የማያውቅ ደንበኛ አልነበረም። እሳቸውም ከዚያ በፊት ጠይቀዋት፣ ወንጪን ካርታ ላይ ከማግኘት ይህ ይቀላል ብላ ዘግታባቸዋለች። አሁን ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ መለሰች።

«አንድ መስመር ስለሆነ ነው ቲቸር። አንዱ ሲይዘው ሌላው አይገባም።»

«አንዱ ሲይዘው ሌላው አይገባም» አሉ መምህር ቀንዓ፣ ተማሪ የመለሰውን ለክፍሉ እንደሚደግሙት። ዝናቡ በሁለቱም በኩል ይሰማል። «ዛሬ አልተቆጣሽኝም።»

ጊፍቲ ወረቀቱን አየች። ወረቀቱ ላይ ያለው ስለ ሽቦና ስለ ይለፍ ቃል ነው።

«መስመሩ ዝናብ ገብቶበት ነው ቲቸር» አለች። የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ ድምፅ ሆኖ ሲወጣ ራሷም ሰማችው።

«አጠገብሽ ኤጄታ አለ?»

ጊፍቲ እጀታውን ወደ ጆሮዋ ይበልጥ አስጠጋች።

«ሲነጋ ነው የሚመጡት?»

«አዎ» አለች። ኦቦ ኤጄታ ቀና ብለው አዩዋት፤ የሰሙት አንድ «አዎ» ብቻ ስለሆነ ተመልሰው ወደ ሰዓቱ ዞሩ።

በወዲያ በኩል ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ሥርዓት የያዘ፣ የደረቀ ነበር።

«እንዳወቅሁ እንዳትነግሪያቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ለኔ ብለው ተጨንቀውበታል። ነገ እሰማዋለሁ።»

ጊፍቲ ልምጣ እንዳትል ሁለቱ ሰዎች ፊቷ ላይ ናቸው።

«ሰው ልላክልዎት ቲቸር?» አለች፣ ሽቦ የሚጠግን ሰው የምትልክ አስመስላ።

«አትላኪ። ሰው ከመጣ እንዳወቅሁ ያውቃሉ።» ከዚያ፣ «ግን አትዝጊው» አሉ።

እጀታውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ቀጭ አለ። ጊፍቲ ጆሮዋን ሳታነሣ ቀረች። የምትሰማው ቆርቆሮ የሚመታ ዝናብና አንዳንዴ የሰው እግር ነው። ወዲያ ይሄዳል፣ ይመለሳል። አንድ ጊዜ በር ተከፈተ። አንድ ጊዜ ጨርቅ የሚመስል ነገር ተራገፈ። ለቅሶ ግን አልሰማችም። ብትሰማ ይሻላት ነበር።

አቶ ዓብዲሳ ከክፍላቸው አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ ኢንተርኔቱ ተዘግቷል አሉ። ኦቦ ኤጄታ ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ እጃቸውን በጊፍቲ ራስ ላይ አድርገው መረቁ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ሰውየውን አዳንሽው። ይህቺን ሌሊት እንኳ በሰላም ይደር።»

ጊፍቲ እጀታውን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች በራሷ ምልክት አመሰገነች። አሁንም በሥራ ላይ ያለች መስሏቸው እግራቸውን ቀስ አድርገው ወጡ። መስመሩ እስኪጨልም እንደተያዘ ነበር። በሚቀጥለው ቀን የጎጆው የጤና መኮንን ደውሎ፣ ትናንት ከሰዓት ስልካችሁ ለምን ተያዘብኝ አለ።

ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ ከነእድርተኛው፣ ከነጎረቤቱ መጡ። ጊፍቲም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ ኋላ ቆመች። ኦቦ ኤጄታ ገና አንድ ጊዜ ሲያንኳኩ በሩ ተከፈተ። መምህር ቀንዓ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ጫማቸው ተቀብቷል። ኦቦ ኤጄታ ያዘጋጁትን ቃል ለመናገር ተጨንቀው ስለነበር ይህን አላዩም። አቶ ፈዲሉ ግን ጫማውን አዩ፤ ቀጥሎ ጊፍቲን አዩ፤ ከዚያ ሙስበሃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱና መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። መርዶው ተነገረ። መምህር ቀንዓ እንደማንኛውም ባል ጮኹ፤ ሰው ደግፎ ያዛቸው። ኦቦ ኤጄታ በኋላ፣ ድንገት ሲሰማ እንዴት እንደሆነ አያችሁ አይደል፣ ትናንት ማታ ብቻውን ቢሰማውስ ኖሮ እያሉ ለሰው ሁሉ ተናገሩ። ጩኸቱ ግን የማስመሰል አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ተይዞ ያደረ ነው።

ለቀስተኛው ተመናምኖ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት አሥር ሰዓት ገደማ የጊፍቲ ስልክ ጮኸ። መምህር ቀንዓ ነበሩ። ኢንተርኔታቸው ተመልሶ ተከፍቶላቸዋል፤ ለዚያ አልነበረም የደወሉት።

«ጊፍቲ፣ ሳይከፈት የቀረ መልእክት እስከ መቼ ይቆያል?»

«እስኪከፍቱት ድረስ ይቆያል ቲቸር።»

«ካልከፈትኩትስ?»

«እዚያው ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ይቀመጥ» አሉ። ሊዘጉ መስሏት ነበር፤ አልዘጉም። ከዚያ፣ የሚጠይቀው ሌላ ነገር እንደሌለው ሰው፣ «ኢንተርኔት ስከፍት ግን ስልኬ ለምን አይጠራም?» አሉ።

ጊፍቲ የሚፈልጉት ምን እንደሆነ ገባት። ወንበሯ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ስንት ጊዜ ልንገርዎት ቲቸር» አለች። ቃሉ የዱሮው ነበር፤ ድምጿ ግን መሐል ላይ ከዳት፣ መጨረሻው ተሰብሮ ወጣ። እሳቸውም ሰሙት፤ የማይሰሙት ድምፅ የለም።

«ገለቶሚ» ብለው ዘጉ።